«ቆሻሻ» የተባለው ቃል፦ በጥርስ ሕክምና ረዳቶች የመከላከል ትምህርት ላይ የቀረበ ሒስ

የጥርስ ሕክምና ረዳት ለመሆን የሚሠለጥን ወጣት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚታደሉት ጥራዞች አንዱ የጥርስንና የድድን ሕመም ስለ መከላከል የሚያወሳው ነው። ጥራዙ በየማሠልጠኛው በልዩ ልዩ እጅ ይዘጋጅ እንጂ መልኩ እምብዛም አይለያይም። ሽፋኑ ላይ ፈገግ ያለ ነጭ የመንጋጋ ጥርስ ብሩሽ ይዞ ይታያል፤ ውስጡም የጥርስን ክፍሎች ከሚያሳይ ሥዕል ይነሣና በቀን ሁለት ጊዜ መቦረሽ፣ ጣፋጭ መቀነስ፣ በየስድስት ወሩ መመርመር ወደሚሉት ሦስት ትእዛዛት ያመራል። ይኸው ሥዕልና ይኸው ትእዛዝ በጤና ጣቢያ ግድግዳም ላይ፣ በትምህርት ቤት የጤና ንግግርም ውስጥ ይደገማል። እዚህ የሚመረመረው ይህ የጥራዝ ዓይነት እንጂ የአንድ ማሠልጠኛ ወይም የአንድ አዘጋጅ ሥራ አይደለም።

በቅድሚያ መልካሙን መናገር ይገባል። እንዲህ ያሉ ጥራዞች ስለ ሥራ ዕቃ ሲናገሩ ብርቱዎች ናቸው። መሣሪያ እንዴት እንደሚታጠብ፣ እንደሚጠቀለል፣ በአውቶክሌቭ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ፣ መቀቀል ብቻውን ስለምን ከተሕዋስያን ሙሉ በሙሉ እንደማያነጻ ያስረዳሉ። የቋሚ ጥርሶችን መለያ ቁጥር ከ11 እስከ 48 በጥንቃቄ ያስቈጥራሉ። ከእነርሱ የተማረ ረዳት የመንቀያውን ጉጠት ከሌላው አያሳስትም። ድክመቱ የሚጀምረው ጥራዙ ከዕቃው ወጥቶ ወደ ሰው አፍ ሲገባ ነው፤ የሚገባውም በአንድ ቃል በኩል ነው።

ቃሉ «ቆሻሻ» ነው። ፕላክ ምንድር ነው ለሚለው ጥያቄ ዘወትር የሚሰጠው ትርጓሜ «በጥርስ ላይ የሚጠራቀም ቆሻሻ» የሚል ነው። ትርጓሜው አጭር ነው፤ ሠልጣኙም በቶሎ ይይዘዋል፤ ነገር ግን ስሕተት ነው። ፕላክ ከውጭ መጥቶ የተለጠፈ ጉድፍ ሳይሆን ተሕዋስያን ተደራርበውና ተያይዘው የሚኖሩበት ስስ ሽፋን ነው። ጥርስ በደንብ ከተጠረገ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ በንጉሥም በለማኝም አፍ ውስጥ እንደገና መፈጠር ይጀምራል። ሳይነካ ከቆየ ከምራቅ በሚያገኘው ማዕድን ይጠጥራል፤ ከጠጠረም በኋላ ብሩሽ አያነሣውም። በየቀኑ እንዲጠረግ የሚያስፈልገውም ባለቤቱ ቆሻሻ ሰው ስለሆነ ሳይሆን ሽፋኑ በየቀኑ ስለሚያድግ ነው። የአማርኛው ቃል ግን ሌላ ነገር ይናገራል። በአማርኛ ሰውን ቆሻሻ ማለት ስድብ ነው። አንድ ረዳት በሽተኛውን አፍ ካስከፈተ በኋላ «እዚህ ጋ ብዙ ቆሻሻ አለ» ሲል በሽተኛው የሚሰማው ስለ ተሕዋስያን የተሰጠ ማብራሪያ አይደለም፤ ነቀፋ ነው። የተነቀፈ ሰው ደግሞ አፉን ይዘጋል፤ ቀጠሮውንም ይተዋል።

ይህን ስሕተት ለማረም ከአንድ የታወቀ ሙከራ የበለጠ አስተማሪ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1965 ሃራልድ ሎና ባልደረቦቹ በዴንማርክ ኦርሁስ ከተማ ድዳቸው ጤነኛ የነበረ 12 ሰዎች ጥርስ ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ። ከእነዚህ አብዛኞቹ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ነበሩ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቈጣ፤ ማጽዳት ሲጀምሩም በሳምንት ገደማ ውስጥ ወደ ጤናው ተመለሰ። የሙከራው ፍሬ ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከሕመሙ ያመለጠ አልነበረም፤ ስለዚህ የተቈጣ ድድ የሰውን ጠባይ የሚመሰክር ምልክት ሊሆን አይችልም። ሁለተኛ፣ ጉዳቱ በጊዜ ከተያዘ በራስ እጅ ይመለሳል። ከጥራዞቹ አብዛኞቹ የመጀመሪያውን ፍሬ ነገር ፈጽሞ አያነሡም፤ ሁለተኛውንም «ድድ እንዳይደማ በዝግታ ይቦረሽ» በሚል ምክር ይሸፍኑታል። ምክሩ ክፋት ባይኖረውም በሽተኛው የሚተረጕመው ወደ ሌላ ነው፤ የሚደማውን ስፍራ ይዘለዋል፤ የተዘለለው ስፍራም ይብስበታል። ሠልጣኙ ሊናገር የሚገባው ተቃራኒውን ነበር፦ ለስላሳ ብሩሽ ይዞ የሚደማውን ስፍራ አለመተው፣ ደሙ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደሚቀንስ መንገር፣ ካልቀነሰ ወይም ጥርሱ መነቃነቅ ከጀመረ ወደ ሐኪሙ ማስተላለፍ።

የዚያው ቃል ሌላ ጥላ በፍሎራይድ ላይ ያርፋል። ዋናው ነገር ቆሻሻ ማውጣት ከሆነ ከቦረሹ በኋላ አፍን በብዙ ውኃ ደጋግሞ መጉመጥመጥ የማይቀር ይሆናል፤ ጥራዞቹም «በደንብ ይታጠብ» ብለው ያዝዛሉ። ዳሩ ግን የጥርስ ሳሙና ሳሙናነቱ ትንሽ ነው። ዋና ጥቅሙ በውስጡ ያለው ፍሎራይድ ጥርሱ ላይ ቆይቶ በአሲድ የተሸረሸረውን ኢናሜል እንዲጠግን ማድረጉ ነው። በሚሊዮን ከ1000 እስከ 1500 እጅ ፍሎራይድ ያለውን ሳሙና ገዝቶ በአንድ ኩባያ ውኃ አጥቦ መጣል ገንዘብንም ድካምንም ማባከን ነው። አረፋውን መትፋት ይበቃል። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የሚይዝ ጥራዝ እጅግ ጥቂት መሆኑ ያስገርማል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን ጥራዞቹ በስምጥ ሸለቆ ሲደርሱ የሚፈጽሙት ስሕተት ነው። በወንጂ፣ በመተሐራና በሌሎችም የሸለቆው ቀበሌዎች ከጕድጓድ የሚወጣው ውኃ ከመሬቱ እሳተ ገሞራዊ ድንጋይ የተነሣ ከፍተኛ ፍሎራይድ ይይዛል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የሚመክረው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በሸለቆው ከ10 ሚሊግራም የሚያልፉ ጕድጓዶች ይገኛሉ። በወንጂ የስኳር ልማት ለብዙ ዓመታት ያን ውኃ የጠጡ ሠራተኞች አጥንታቸው ደርቆ አንገትና ወገባቸውን ማዘንበል እስኪሳናቸው መድረሳቸው በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። በጥርስ በኩል ደግሞ ጕዳቱ የሚደርሰው ጥርሱ ገና በመንጋጋ ውስጥ ሲሠራ፣ ይኸውም እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ባለው የልጅነት ዘመን ነው። ጥርሱ ሲወጣ እንደ ኖራ የነጣ ነጠብጣብ ይዞ ይወጣል፤ ውሎ አድሮም ነጠብጣቡ ቡናማ ይሆናል፤ ከበረታም ኢናሜሉ ይቦረቦራል።

በሽፋኑ ላይ ነጩን ጥርስ ያየ፣ በውስጡም ጠቆር ያለው ሁሉ ቆሻሻ ነው የሚል ትምህርት የተማረ ረዳት ከመተሐራ የመጣች የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አፍ ውስጥ ሲመለከት ምን ይላል? የሚለው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ «ጥርስሽን አትቦርሺም እንዴ?» ይላል። ልጅቱ ትቦርሻለች። እንዲያውም ከእኩዮቿ ይበልጥ፣ በከሰልና በአመድ ጭምር፣ ድዷ እስኪላጥ ትፈትግ ይሆናል። ቡናማው ቀለም ግን ከኢናሜሉ ጋር አብሮ የተሠራ ነውና በፍትጊያ አይለቅም። ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈን የለመደች ልጅ ይህን ጥያቄ ከነጭ ለባሽ ሰው አፍ ስትሰማ ምክር አላገኘችም፤ የመንደሩን ፍርድ በሕክምና ማኅተም ታትሞ አገኘችው። ረዳቱ ክፉ ሰው አይደለም፤ የተማረውን ነው የተናገረው።

ልዩነቱን ማስተማር ከባድ አልነበረም። በፍሎራይድ የመጣው ቀለም በግራና በቀኝ ባሉ አቻ ጥርሶች ላይ በተመሳሳይ ሁኔታ ይታያል፤ በጥርሱ ወርድ የተዘረጉ መስመሮች ይኖሩታል፤ ሲነካም ብዙውን ጊዜ ጠንካራ ነው። የበሰበሰ ጥርስ ግን በመንጋጋ ጥርስ ስንጥቅ፣ በሁለት ጥርስ መካከልና በድዱ ጠርዝ ይጀምራል፤ አቻውን አይጠብቅም፤ ይለሰልሳል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «የምትጠጡት ውኃ ከየት ይቀዳል? ታናናሾች አሉሽ?» የሚል ሊሆን ይገባ ነበር። የልጅቱ ቋሚ ጥርሶች አስቀድመው ተሠርተዋል፤ ገና ያልተሠራው የሕፃኑ ወንድሟ ጥርስ ነው። መከላከል በእርግጥ የሚጀምረው እዚያ ነው። ቤተሰቡም ውኃ ማፍላት ፍሎራይድን እንደማያስወግድ፣ ይልቁንም ውኃው ሲተን ፍሎራይዱ በቀረው ውስጥ እንደሚበረታ ሊነገረው ይገባል፤ አፍልቶ መጠጣት ጥሩ እንደሆነ ከሌላ የጤና ትምህርት የተማረ ሰው ይህን በራሱ ሊያውቅ አይችልም። የዝናም ውኃ ማጠራቀም፣ ከሌላ ምንጭ መቅዳት፣ በአጥንት ከሰል ወይም በአሉሚኒየም ሰልፌትና በኖራ ማጣራት በሸለቆው የተሞከሩ መንገዶች ናቸው። ማጣሪያ መትከል የረዳቱ ሥራ ባይሆንም መጠየቅና ማስተላለፍ ግን ሥራው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ይነሣል። ፍሎራይድ በውኃው በዝቷል ተብሎ ሳሙናውን መከልከል ትክክል አይደለም፤ የሚጎዳው በልጅነት የሚዋጠው እንጂ ጥርሱን ነክቶ የሚተፋው አይደለም። ስለዚህ መጠኑ ነው የሚወሰነው፤ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለው የአተር ፍሬ ያህል፣ ያውም ወላጅ እየተቆጣጠረ። በማስታወቂያ ሥዕል ላይ ብሩሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሸፍነው ሳሙና ለሻጩ እንጂ ለሕፃኑ አይጠቅምም።

ስለ ስኳር የሚናገረው ክፍል ደግሞ ከሌላ አገር ማእድ የተቀዳ ይመስላል። ከረሜላ፣ ቸኮላት፣ ኬክና አይስክሬም ይዘረዘራሉ። በዝርዝሩ ውስጥ ቡናና ሻይ የሉም። ስኳር በብዙ ቤት ወደ አፍ የሚገባው ግን በስኒና በብርጭቆ ነው። ሮበርት ስቴፈን በ1940ዎቹ እንዳሳየው ስኳር አፍ በገባ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በፕላኩ ያለው አሲድ ኢናሜልን ወደሚያሟሟበት ደረጃ ይበረታል፤ ምራቅ ወደ ቀድሞው ሁኔታ የሚመልሰውም ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። አሁን አቦልን በስኳር የጠጣን ሰው እናስብ፤ ምራቁ ሥራውን ሳይጨርስ ቶና ይመጣል፤ ከቶና በኋላም በረካ ይከተላል። በአንድ የቡና ሥርዓት ጥርሱ ከአንድ ሰዓት በላይ በአሲድ ውስጥ ይዘፈቃል፤ ይህም በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ሊደገም ይችላል። ጫት ከለስላሳ መጠጥ ጋር የሚቅም ሰው ሁኔታ ከዚህ ይብሳል፤ መጠጡ ለሰዓታት በጕንጭ በጕንጭ ነውና። ስለዚህ ወሳኙ ጥያቄ «ጣፋጭ ትወዳለህ ወይ?» ሳይሆን «በቀን ስንት ጊዜ?» ነው። ቡናን መከልከል ሞኝነት ነው፤ ማንም አይሰማም። ስኳሩን ከሦስቱ ስኒ ወደ አንዱ ማሳነስ ግን የሚቻል ነገር ነው። ቡናውን በጨው የሚጠጡት አካባቢዎች በዚህ ረገድ የተሻሉ ናቸው፤ የደም ግፊት ሐኪሞች ግን በዚህ ምስጋና ላይስማሙ ይችላሉ።

መፋቂያስ? በጥራዞቹ ውስጥ ወይ ፈጽሞ አይነሣም፣ ወይም «ኋላ ቀር ዘዴ» ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል። ይህ ቸልተኝነት በማስረጃ የተደገፈ አይደለም። በኢትዮጵያ ተማሪዎች ላይ ስለ መፋቂያ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም አቀፍ የጥርስ ጤና መጽሔት ታትሟል። በአግባቡ የተጠቀሙበት መፋቂያ ፕላክን ይጠርጋል፤ በዋጋም ከብሩሽ ይረክሳል። ጉድለቱ የሚታወቅ ነው፤ የወይራ፣ የልምጭ ወይም የክትክታ እንጨት የፊት ጥርሶችን ከውጭ በኩል ሲያጸዳ የመንጋጋ ጥርሶችን ውስጣዊ ገጽ ሳይነካ ይቀራል፤ በኃይል ከተገፋ ድድን ያሸሻል፤ ፍሎራይድም አይሰጥም። እነዚህ ሦስት ጉድለቶች ሁሉ የሚታረሙ ናቸው። ጫፉን አኝኮ እንደ ብሩሽ ማለስለስ፣ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ ማንቀሳቀስ፣ ወደ ውስጠኛው ገጽ ማዞር፣ ሳሙና በተገኘ ጊዜም ትንሽ መቀባት ይቻላል። ሠልጣኙ ይህን ካልተማረ መፋቂያ በአፉ ይዞ ለመጣ ገበሬ ሊነግረው የሚችለው «ጣለው፣ ብሩሽ ግዛ» የሚል ብቻ ይሆናል፤ ገበሬውም መፋቂያውን አይጥልም፣ ብሩሹንም አይገዛም።

የቃሉ ጦስ እጅግ የሚከፋው በሕፃናት ላይ ነው። ግግ ማስወጣት በብዙ ጥራዞች ውስጥ ከጎጂ ልማዶች ዝርዝር መካከል እንጥል ከማስቆረጥ ቀጥሎ የተጻፈ አንድ ሐረግ ነው። ሐረጉ ልማዱን ያወግዛል እንጂ አያስረዳውም። ሕፃኑ ተቅማጥ፣ ትኩሳት ወይም ትውከት ይዞታል፤ እናት ድዱን ስትዳስስ የክራንቻ ጥርስ በሚወጣበት ስፍራ ያበጠ ነገር ታገኛለች፤ አዋቂ የተባለው ሰው ድዱን በምስማር ወይም በሌላ ስለት ቀድዶ ለስላሳ ነጭ ነገር ያወጣና «ይኸው ትሉ» ብሎ ያሳያታል። ያየችው በእርግጥ ነጭና ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን ትል ሳይሆን ገና ያልጠነከረ የወተት ጥርስ ነው። ከዚያ የሚከተለው የደም መፍሰስ፣ የቁስል መመረዝ፣ ቴታነስና በስለቱ የሚተላለፍ ኤች አይ ቪ ሊሆን ይችላል። የተረፈውም ልጅ ከሥር ያለው ቋሚ የክራንቻ ጥርሱ ተጎድቶ ወይም ጨርሶ ጠፍቶ ያድጋል። ለተቅማጡ የሚያስፈልገው ኦ አር ኤስና ዚንክ ግን ሳይሰጥ ቀርቷል።

የጥርስ ሕመም ሁሉ ከአፍ ተፍቆ የሚወጣ ቆሻሻ ነው የሚል ትምህርት ይህችን እናት እንዴት ይመልሳታል? እርሷም እኮ የምታምነው ይህንኑ ነው፤ በአፉ ውስጥ ክፉ ነገር አለ፣ ይውጣለት ነው የምትለው። የሚመልሳት እውቀት ሌላ ነው። የታችኛው የፊት ጥርስ በስድስት ወር ገደማ፣ የክራንቻ ጥርስ ደግሞ ከ16 እስከ 22 ወር ባለው ጊዜ እንደሚወጣ፣ ያበጠው ስፍራም ጥርሱ በመንገድ ላይ ለመሆኑ ምልክት እንደሆነ በጣት አስዳስሶ ማሳየት ነው። ይህን ለማድረግ መንቀያ ጉጠትም መብራት ያለው ወንበርም አያስፈልግም፤ በክትባት ቀን በዛፍ ጥላ ሥር ይቻላል። እንዲህ ያለው ትምህርት የጥርስ ሕክምና ረዳት ሥራ ተብሎ በጥራዙ አለመጻፉ ከስሕተቶቹ ሁሉ የከበደው ነው።

ጥራዙ ረዳትን የሚያየው ዕቃ አቅራቢ አድርጎ ነውና ይህ አያስደንቅም። የመከላከል ጥርስ ሕክምና ታሪክ ግን የሚናገረው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት ብሪጅፖርት ከተማ አልፍሬድ ፎንስ የተባለ የጥርስ ሐኪም ረዳቱን አይሪን ኒውማንን ጥርስ ማጽዳትንና በሽተኛ ማስተማርን አሠለጠናት። በ1913 ደግሞ በዚያችው ከተማ ለዚህ ሙያ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ከዚያ የወጡትም በከተማዋ ትምህርት ቤቶች ሕፃናትን ማስተማር ጀመሩ። ሙያው የተወለደው ከሐኪሙ ወንበር አጠገብ ከቆመችው ረዳት እጅ ነው። በቅርቡም፣ በ2021፣ የዓለም የጤና ድርጅት የፍሎራይድ ሳሙናን፣ የበሰበሰውን ስፍራ የሚያቆመውን ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድንና ግላስ አዮኖመር ሲሚንቶን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። እነዚህ ኤሌክትሪክ የሚዞር መሰርሰሪያ በሌለበት ጤና ጣቢያ ሊሠራባቸው የሚችሉ ናቸው። በጥራዞቹ ውስጥ ግን የመከላከል ምዕራፍ አሥር ገጽ ሲይዝ የመንቀል ምዕራፍ አርባ ይይዛል።

በምዕራፉ መጨረሻ ደግሞ የክለሳ ጥያቄዎች አሉ። «ጥርስ በቀን ስንት ጊዜ ይቦረሻል?» ይላል አንዱ። «ለጥርስ ጎጂ የሆኑ አራት ምግቦችን ዘርዝር» ይላል ሌላው። በሳጥን ምልክት የሚመለሱ ሦስት ጥያቄዎች ይከተላሉ። የመተሐራዋ ልጅም፣ ጎረቤቷ ግግ እንድታስወጣ የመከረቻት እናትም፣ ድዱ ስለደማ ብሩሹን የተወው ሽማግሌም በጥያቄዎቹ መካከል አልተገኙም።